ምራቅህን ይዘህ ና

ውድ ወንድሜ፣

ብዕሩን የያዘችው ሚስቴ ናት። ‹ውድ› ያለችውም እሷ ናት፤ እኔ «ለወንድሜ ብለሽ ጀምሪ» ነው ያልኳት። ደብዳቤ ያለ ‹ውድ› አይጀመርም ብላ ሞገተችኝ፣ ፊደል የቆጠረችው እሷ ስለሆነች ተሸነፍኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሁሉም የእኔ ነው።

ከተኮራረፍን አስራ አንድ ዓመት ሆነን። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ስንት ፎቅ ያቆምኩ ግንበኛ፣ አሁን የራሴን ቤት ሦስት ደረጃ በልመና ነው የምወጣው።

የምጽፍልህ ስለ ምራቅ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የመጠጥ ሱስን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች መጥተዋል። ከአንድ አባትና እናት ከተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ በመጠጥ ሲያዝ ሌላው ለምን እንደሚተርፍ ማወቅ ይፈልጋሉ። ለዚህም የሁለቱንም ምራቅ ይሰበስባሉ። ስሰማ ሳቅኩ። ይሄ ምን ጥናት ያስፈልገዋል? ወኔ ነው! ሄጄ ልንገራቸውና ይገላገሉ ብዬ፣ ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ግንብ መስተካከሉን የማይበትን የውሃ ልኬን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩ።

ተመራማሪዋ የልጅ ልጄን ታክላለች። «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ምስክሬ ነው» አልኳትና የሠርጌን ቀን ነገርኳት። ሁለት ጠርሙስ ብቻዬን ጨርሼ፣ ከግንበኞቹ ጋር ተወራርጄ፣ በሙሽራ ሱፌ አምስት ረድፍ ጡብ ደረደርኩ። የውሃ ልኩ አረፋ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። (ሱፉ የኪራይ ነበር። ይህን የጨመረችው ሚስቴ ናት።)

«ምንም አልተሰማዎትም?»

«ምንም!»

«ወንድምዎስ ያኔ?»

«እሱም እንደኔው፣ አባታችንም እንደዚያው። እኛ ቤት ሰው ቶሎ አይሰክርም!»

ልጅቷ ፈገግታዋን ትታ መጻፍ ጀመረች። ብዙ ጠጥቶ ብዙም የማይሰማውን ሰው ነው ሱስ ይበልጥ የሚያሰጋው አለችኝ። ሰውነቱ «በቃ» የሚለው ዘግይቶ ነው፤ ይህም በዘር ይወርዳል። አንድ ዘረመል ብቻውን አይደለም፤ ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይገፋል፣ ቀሪውን ኑሮ ይጨምርበታል። የአንጎል ሥዕልም አሳየችኝ። መጠጡ ሲደጋገም ደስታ የሚሰማን ቦታ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው የሚጠጣው ለደስታ ሳይሆን እንደተራበ ሰው ነው አለች።

ይኸውልህ፣ አርባ ዓመት የኮራሁበት ነገር ለካ የማስጠንቀቂያ ደወል ኖሯል! የውሃ ልኬን ቀስ ብዬ ወንበር ሥር አስገባሁት።

«ታዲያ እርስዎ እንዴት ተዉት?» አለችኝ። «በወኔ» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን «ምራቁን የት ልትፋው?» ብዬ አለፍኩት።

ላንተ ግን ልናገር። ከሠርጌ በዓመቱ አንድ ቀን ጠዋት ጠጥቼ ሦስተኛ ፎቅ ርብራብ ላይ ወጣሁ። ምንም አልተሰማኝም። እግሬ ግን ጣውላውን ሳተ። ቀበቶዬን ይዘህ የጎተትከኝ አንተ ነህ። ፎርማኑ ጠርሙሱን አግኝቶ «የማን ነው?» ሲል «የኔ» ያልከውም አንተ ነህ። አንተ ተባረርክ፣ እኔ ደንግጬ መጠጥ ተውኩ። ‹ጠርሙሱ› የሚለው ቅጽል ስም የወጣልህ ያን ቀን ነው። ከዓመታት በኋላ መጠጡ እውነትም ሲይዝህ፣ እኔ ነኝ በሰው ፊት «አንተ የአባቴ ልጅ አይደለህም» ብዬ ከቤቴ ያስወጣሁህ።

ብዕሩ ቆመ። ሚስቴ እያየችኝ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ለኔ ስትል የተውከው አልነበረም እንዴ?» ትላለች። ብያት ነበር። ጻፊ እባክሽ፣ ኋላ ትጣዪኛለሽ።

ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። የአባቴ ልጅ ነህ፣ ከኔም በላይ። ያንተ ምራቅ ካልመጣ የኔ ብቻውን ለጥናቱ ብዙ አይረባም ተብያለሁ። የኔንም የተቀበሉኝ በሁለተኛው ሙከራ ነው፤ ሐኪም ፊት ቆሻሻ አፍ ይዤ አልቀርብም ብዬ በልብስ ሳሙና ስለተጉመጠመጥኩ፣ የመጀመሪያው የምራቅ ብልቃጥ አረፋ ሞላ። አንተ እንዲህ እንዳታደርግ።

እዚያው ሕክምናም አለ። ከፈለግክ አብሬህ እገባለሁ። ካልፈለግክም ና። ጠጥተህም ቢሆን ና፤ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ደረጃውን አብረን እንወጣለን፣ አሁን ግን ቀበቶህን የምይዘው እኔ ነኝ።

ያንተው ወንድም ጋሼ

በይ፣ አሁን አንብቢልኝ። ከ‹ውድ› ጀምሪ።