ታጥቦ ያልለቀቀው

ማክሰኞ፣ ጥር 9

እማዬ፣

መነጽርሽን እየፈለግሽ ከሆነ ግንባርሽ ላይ ነው። አውርጂውና ከስፌት መኪናው ተነሽ፤ ይህ እየሰፉ የሚነበብ ደብዳቤ አይደለም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ልጅቷ ጥርስ እያበቀለች ቤቱን እንቅልፍ ነስታዋለች፤ አባቷ ቁጣዋ ወደ አያቷ ነው የሚሄደው ይላል፤ እኔም አልተከራከርኩትም።

ለምን አትደውይም ትይኝ ይሆናል። ደውዬማ ነበር። የወንድሜን ነገር ባነሳሁ ቁጥር "ካርድሽ ያልቃል" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት አይዘጋም ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። የጎረቤትሽ ሹፌር ነገ ወደዚያ ስለሚመለስ እጇ ላይ ሳላስረክብ ቤቴ አልገባም ብሎ ምሎልኛል።

እሁድ አክስቴ ዘንድ ልትሄጂ ነው አሉ። አልጋ እንደያዙ፣ "ሳልሞት መጥታ ይቅርታ ትጠይቀኝ" ብለው እንደላኩብሽ፣ አንቺም እሺ እንዳልሽ ሰማሁ። ሰምቼ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ያኔ በወንድሜ ለቅሶ መሃል ተነስተው "የወንድሜን ልጅ በቀሚሷ በሽታ ይዛ ገብታ በእጇ ገደለችው" ያሉት ነገር፣ ይኸው እኔ የልጅ እናት እስክሆን ድረስ ከቤታችን አልወጣም። ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሁሉ አንቺ በር ጥግ ስትቀመጪ እያየሁ ነው ያደግሁት። አክስቴ ካንቺ እጅ ውሃ እንኳ አይቀበሉም። አባዬም፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ ዝም እንዳለ ሄደ። አንቺም አንድ ቀን "አይደለም" ስትይ አልሰማሁም። "እውነት ነው፤ የጎረቤቱን ልጅ ሳስታምም ይዤበት ገባሁ" ትያለሽ፣ ከዚያ እኔን ዞር ብለሽ አይተሽ "ሂጂ ውሃ ቅጂ" ትይኛለሽ። ውሃው ሞልቶም ቢሆን።

እሁድ ከመሄድሽ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ሌላ የምለምንሽ የለም።

ሥራዬን ሰው ሲጠይቅሽ "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደም ታጥባለች" ትያለሽ አሉ። ስሰማ ስቄ ሞቼ ነበር፤ ግን ብዙም አልተሳሳትሽም። ይህን ትምህርት የመረጥኩት አንቺ በቀሚስሽ ይዘሽው ገባሽ የተባለው ነገር ምን ዓይነት ፍጥረት ቢሆን ነው ብዬ እንደሆነስ ታውቂያለሽ? ነግሬሽ አላውቅም።

ወንድሜን የወሰደው ኩፍኝ ሰፈራችንን ባመሰበት ጊዜ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች ቤት ለቤት ዞረው ደም ቀድተውን ነበር። እኔ የማስታውሰው ከረሜላውን ብቻ ነው። ያ ደም አልተጣለም፣ እማዬ። ረግቶ ከላዩ የቀረው ቢጫ ውሃ በትንንሽ ብልቃጥ ተደርጎ፣ የዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ውስጥ ድንጋይ በሚያስንቅ ብርድ ሲጠበቅ ኖረ። እኛ አድገን፣ ተምረን፣ ወልደን እሱ እዚያው ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄነሬተር እያስነሱ ያቆዩትን ዘበኞች ሁሉ እግዜር ይስጣቸው። አምና ማቀዝቀዣው ሊቀየር ሲል ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ጉሙ ከፊቴ ዞር ሲል የጣት አንጓ የሚያህሉ ብልቃጦች፣ በላያቸው በእጅ የተጻፈ የቤት ቁጥር አየሁ። የቤታችን ቁጥር። እናት። ሴት ልጅ፣ ስድስት ዓመት። ወንድ ልጅ፣ ስምንት ወር።

ወንድሜ ፎቶ የለውም። መቃብሩም ላይ ሌላ ሰው ተቀብሮበታል። ከሱ በዚህ ዓለም የቀረው ያቺ የማንኪያ ጫፍ የማትሞላ ጠብታ ናት። ጭብጤ ውስጥ ያዝኳት፤ ጓንቴ ሊጣበቅባት ሲል ነው የመለስኳት።

ለአለቃዬ ወዲያው ነገርኳቸው። ፕሮፌሰሯ የዋዛ ሴት አይደሉም። "የገዛ ቤትሽን ደም በገዛ እጅሽ አትመረምሪም፤ ዓይን የወደደውን ነው የሚያየው" ብለው ሥራውን ለባልደረባዬ ሰጡት። ይህ ባልደረባዬ ማንንም አያምንም፤ የፀሐይ መውጣት ራሱ አንዴ ሲታይ አይበቃውም፤ "እስቲ ድገሙት" ነው ስሙ እኛ ዘንድ። የእናንተን ፈቃድ ደግሞ እኔ አመጣሁ። ባለፈው ስመጣ ያስፈረምኩሽ ወረቀት እሱ ነበር። "ያረጀ ደም ምን ይሠራልሻል?" ብለሽ፣ ለራስሽም ለሕፃኑም ፈረምሽ። ከመፈረምሽ በፊት እጅሽ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆሞ ነበር። እኔ ሐዘን መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

አሁን የደም ማጠቡን ነገር ላስረዳሽ። ኩፍኝ ሰው ላይ ሲወጣ ሰውነት ጠባቂ ያበጃል፤ አንቲቦዲ እንለዋለን። ሥራው በሽታውን አንቆ መያዝ ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ጀማሪዎች ናቸው፤ መያዙንስ ይይዛሉ፣ እጃቸው ግን የላላ ነው። ጉዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሽታው ለቆ፣ ሰውየው ድኖ፣ ረስቶት ወደ ሥራው ከሄደ በኋላ እንኳ ሰውነት በዝምታ ማሠልጠኑን አይተውም። ወር በወር አያያዛቸው እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ይሄዳል። ሰው ሲስቅ፣ ሲያገባ፣ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ደሙ የድሮ ጠላቱን መልክ ሲያጠና ይኖራል። ማን አዘዘው? ስንት ዓመት አስተማርኩት፤ ዛሬም ስናገረው ጸጉሬ ይቆማል።

አዲሱን ከቆየው የምንለየው አንቺ ጨርቅ በምትፈትኚበት መንገድ ነው። ከመቁረጥሽ በፊት ጫፉን በጨው ውሃ አጥበሽ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ታዪ የለ? እኛም ጠባቂዎቹን በሽታውን እናስይዝና፣ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ በተበጠበጠበት ውሃ እናጥባቸዋለን። ጀማሪው ይለቃል። የቆየው አይለቅም። በመጨረሻ የምንጨምራት ጠብታ ያልለቀቀው ያለበትን ቢጫ አድርጋ ታሳየናለች።

ያንቺ ቢጫ እንደ ሎሚ ልጣጭ በራ። እስቲ ድገሙት ደገመው። ደግሞም በራ። "ኧረ እኚህ ሴትዮ ብረት ናቸው እንዴ?" አለ፤ የማን እንደሆነ አያውቅም። እማዬ፣ ያን ጊዜ በደምሽ ውስጥ ትኩስ ነገር አልነበረም። ኩፍኝ ገና በልጅነትሽ ወጥቶልሻል። የጎረቤቱን ልጅ ስታስታምሚ አልያዘሽም፤ ያልያዘሽን ነገር ለማንም ልትሰጪ አትችዪም።

የኔ ግን ታጥቦ ለቀቀ። አዲስ ነበር ማለት ነው፤ ግን ብዛቱ ታምሞ የተነሳ ሰው ብዛት ነው። የጎረቤቱ ልጅ፣ ዛሬ ጎማ የሚለጥፈው፣ እሱም "ደሜ እስካሁን አልተበላሸም?" እያለ ፈቅዶልን የሱንም አየን፤ ገና መጀመሩ ነበር። ወንድሜም ገና መጀመሩ ነበር። እነሱ ሲታመሙ እኔ ሽፍታው ጠፍቶልኝ ግቢ ውስጥ እሮጥ ነበር። ቀድሜ የታመምኩት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ስትደርሺ ወረቀቱን አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ልትከቺው እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። አትክተቺው።

"አንቺ አልታመምሽም" እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። ፀሐይ መቶሽ ነበር፣ ጉንፋን ነበር። ሐኪም "ኩፍኝ ወጥቶላታል?" ሲልሽ እኔ አፌን ሳልከፍት "የለም" ትያለሽ። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጎረቤታችን ልጅ የታመመ ዕለት እናቱ በር ላይ "አትግቢ፣ ይይዝሻል" ስትልሽ፣ "እኔ ወጥቶልኛል፤ ሁለት ጊዜ አይዝም" ብለሻት ገባሽ። ቀሚስሽን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ሰምቼሻለሁ።

ስለዚህ ታውቂ ነበር። እኔ ላብራቶሪ ገብቼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ የደረስኩበትን አንቺ ያን ዕለት ለቅሶ ቤት ውስጥ ታውቂው ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ "ወንድምሽን አንቺ አስያዝሽው" እየተባለች እንዳታድግ ነገሩን በራስሽ ልክ ሰፍተሽ ለበስሽው። አባዬ እንኳ ዝም ሲልሽ አላወለቅሽውም። በሥራዬ ጉድ የሚያሰኝ ነገር አይቻለሁ፣ እማዬ፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየሁም። ምን ልበልሽ? ጎንበስ ብዬ እግርሽን ብስም አይበቃኝም።

አላለቀም። ዋናው ገና ነው።

የወንድሜን ብልቃጥ ሲመረምር እስቲ ድገሙት ተቆጥቶ መጣ። "የእናትየውንና የሕፃኑን ቀያይራችሁብኛል" አለ። ሕፃኑ ውስጥ ከጀማሪዎቹ መሃል ጥቂት የማይለቁ አግኝቷል። ለዚያ ዓይነት አያያዝ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ልጁ ገና ስምንት ወሩ ነው። ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ አፈርኩ። ደገመው፤ ያው። ከሌላ ጠብታ ደገመው፤ ያው። አለቃዬ ዘንድ ተያይዘን ገባን። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "ይህን በየዓመቱ ለጀማሪ ተማሪዎች የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

ያኔ ገባኝ። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን በዓይን ጥቅሻ ነበር የማውቀው። ብልቃጡ አልተቀየረም። እነዚያ ጥቂቶች የሱ አልነበሩም፤ ያንቺ ነበሩ። እናት ልጇ ሆዷ ውስጥ ሳለ ከራሷ ጠባቂዎች እየቀነሰች በእትብቱ ታሻግርለታለች፤ ማንም አያዛትም፣ እሷም አታውቀውም። ከተወለደ በኋላ ለወራት እየጠበቁት ይቆዩና አንድ በአንድ ያልቃሉ። የወንድሜ ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በሽታው በዛባቸው። የነበሩት ግን አልለቀቁም፣ እማዬ። ልጁ ካረፈ በኋላ፣ ያን ሁሉ ዘመን በረዶ ውስጥ ከርመው፣ ቀልጠው፣ ታጥበው እንደያዙ ነበሩ። እስቲ ድገሙት እንኳ ድገሙት አላለም።

አክስቴ "በእጇ" ይላሉ። እጅሽ የት እንደነበር እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ፤ እሁድ አብረን እንሄዳለን። በር ጥግ አትቀመጪም፣ ይቅርታም አትጠይቂም። እኔ ነኝ የምናገረው። "አክስቴ፣ ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር" እላቸዋለሁ። አይዞሽ፣ አልሰበርም። የስድስት ዓመት ልጅ ጥፋተኛ እንደማትባል ለማወቅ የሚበቃ ዕድሜ አንቺ ገዝተሽልኛል። እሳቸው ከፈለጉ ከእጅሽ ውሃ ይጠጡ፤ ካልፈለጉ ይጥማቸው። አንቺም እንደለመድሽው "ሂጂ ውሃ ቅጂ" ብትዪኝ አልሄድም።

ልጅቷን ክትባቷን አስከትቤያታለሁ። እስከዚያ ግን የጠበቃት እኔ ሆዴ ውስጥ ሳለች ያሻገርኩላት ነበር፤ ያኔ አልታመምሽም ካልሽኝ ሕመም የተረፈኝ። ስትመጣ እቀፊያት፤ ከባድ ሆናለች።

ሳታውቂው ለልጆችሽ ያሻገርሽውን ያህል ዕድሜና ጤና፣ እያወቅሽ የተሸከምሽልኝን ያህል ደግሞ ዕረፍት ይስጥሽ። መብራቱ ደከም ካለ አትስፊ፤ ዓይንሽን ጠብቂልኝ።

ታምማ የዳነችው ልጅሽ