በንግሥቲቱ ስም የተለቀሰ ልቅሶ

ለታናሽ ወንድሜ ለፈርጉስ፣

ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ከደጅህ ይድረስ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ናይሪስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? ወገብህንስ ምን አደረግኸው፤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ ያልከኝ እውነት ነው ወይስ እኔን ዝም ለማሰኘት ነው? የበግ ፀጉር ሲሸልት የሚውል ሰው በወገቡ አይቀልድም። እኛ በጤና በኩል ደህና ነን። ባለቤቴ ክሬግ ደህና ነው፤ እማዬም ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትቆጣለች። ሌላው ነገር ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ዛሬ ሰኞ ስለሆነ ፀጉር ቤቴ ዝግ ነው። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጬ ሁለት መስመር እጽፍና እነሣለሁ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ መንገዱን አያለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ እቀመጣለሁ። ሰሞኑን አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር እኮ። አንተ ግን ገና ድምፄን ስትሰማ «እናታችን እዚህ ድረስ ታወቀች፣ የናይሪ እናት በቴሌቪዥን አይታት ስታለቅስ ዋለች» ብለህ ሳቅህብኝ። እኔም አፌን ያዝኩ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ንግሥቲቱ እዚሁ በበጋ ቤታቸው፣ በትልቁ ቤት ያረፉ ሰሞን መንደራችንን ብታያት አታውቃትም ነበር። ከትልቁ ቤት በር እስከ ድልድዩ ድረስ መኪና በመኪና ሆነ። አበባው ክምር ነው፣ ሰው ይንጋጋል፣ ዝናቡም አላባራ አለ። ጋዜጠኛው ደግሞ በር በር ያንኳኳል። ንግሥቲቱ ቁርስ ምን ይወዱ ነበር? ባላቸው የሞቱ ጊዜ አለቀሱ ወይስ ችለው ያዙት? ልጆቻቸው ይነጋገራሉ ወይስ ተኳርፈዋል? ጉድ እኮ ነው፣ የሰው ገበና እንዲህ ያስርባል? የኛን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ። እኔና አንተ ያደግነው በአንዲት ቃል ነው፤ ስለ ትልቁ ቤት ከተጠየቅህ «አናውቅም» ነው መልሱ። የዚያ ቤት ሰው በመንገድ ሲያልፍ ዞሮ ማየት እንኳ ነውር ነበር። አባዬ አንድ ቀን አፍጠህ ስታይ ያዘህና ጆሮህን ሲቆነጥጥህ ትዝ ይልሃል? አሁንም ያው ነው። ባለ ልኳንዳው ዱጋል ለጋዜጠኞቹ ስለ ራሱ ቋሊማ ብቻ ሲያወራላቸው ቆይቶ፣ ገዝተው እንዲሄዱ አደረጋቸው።

እማዬ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። ዕድሜዋን በሙሉ የትልቁን ቤት የአልጋ ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራ፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ሰው ሲያንስ እየተጠራች፣ ያየችውን እንኳን ለውጭ ሰው ለአባዬም ተንፍሳ አታውቅም። «ዝም አይነቅዝም» ነው ነገሯ ሁሉ።

እንግዲህ አንድ ቀን እኔ የእትዬ ካትሪናን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለልኩ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ ካስክ ሥር ሆነው ቴሌቪዥን ያያሉ። እትዬ ካትሪና ማለት ያው ናት፣ የእማዬ ጎረቤትና የልብ ጓደኛ፤ አንተን በክርስትናህ ቀን የታቀፈችህ። ዓይኔን ቀና ባደርግ እማዬ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ተቀምጣለች። በገዛ ወጥ ቤቷ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ከአንዲት ልጅ እግር ጋዜጠኛ ጋር ሻይ ትጠጣለች። ጆሮዬን አላመንኩም። ንግሥቲቱ ባላቸውን እንዴት እንዳዘኑ ትናገራለች።

ምን አለች መሰለህ? ማታ ማታ የባላቸውን ካፖርት ከመስቀያው ያወርዱና በባዶው የአልጋ ጎን ያስተኙት ነበር አለች። እንዳይበርደው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይቆልፉለታል፤ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ መልሰው ይሰቅሉታል። ልቅሶ ሲመጣባቸው ሰው እንዳይሰማ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ይከፍታሉ። በካፖርቱ ኪስ ነጭ የሚንት ከረሜላ ቀርቶ ነበርና እሑድ እሑድ አንዷን ይበላሉ፤ ከረሜላው እያለቀ ሲሄድ ግማሽዋን ነክሰው ግማሽዋን ወደ ኪስ መመለስ ጀመሩ።

እጄ ቢጎዲኑን እንደያዘ ቀረ። ፈርጉስ፣ ስብከቱ ሲረዝም ነጭ የሚንት ከረሜላ ከኪሱ እያወጣ በጉልበቱ ሥር የሚያቀብለን ማን ነበር? ንግሥቲቱ እንዴት እንዳዘኑ እግዜር ይወቅ፤ እማዬም አታውቅም። የተናገረችው አባዬን ነው። እኔ በየቀኑ ቤቷ የምገባ ልጇ፣ እናቴ ባሏን እንዴት እንዳለቀሰች ከሴቶች ጋር ቆሜ በቴሌቪዥን ሰማሁ።

ሴቶቹ ግን ይህን ከየት ያውቁታል? ሁሉም በመስታወቱ ውስጥ እኔን ነው ያዩት። እትዬ ካትሪና ግማሽ ፀጉሯ እንደተጠቀለለ ተነሣችና «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ከእንግዲህ በሬን እንዳታንኳኳ» ብላኝ በዝናብ ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማግስቱ መንደሩ ሁሉ እማዬ የሰው ገበና አደባባይ አወጣች አለ። ዱጋል ሥጋዋን ጠቅልሎ ሰጣት፣ እንደምን ዋልሽ ግን አላላትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በተቀመጠችበት አግዳሚ ማንም አልተቀመጠም። ይህም አልበቃ ብሎ የትልቁ ቤት ርስት ሥራ አስኪያጅ አቶ ጊልክሪስት ክሬግን ጠራው። ክሬግ አባዬን ተክቶ የርስቱን ጫካ መጠበቁን ታውቃለህ። የኛም የእማዬም ቤት የርስቱ ነው፤ ሥራው ከሄደ ጣራውም አብሮ ይሄዳል። «ነገሩ እየታየ ነው» ብቻ አለው። ክሬግ እማዬን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሲበላ አንገቱን ደፍቶ ነው።

ወደ እማዬ ቤት ገሰገስኩ። ድንች ትልጣለች። የአባዬ ካፖርት ነው አይደል አልኳት። መላጧን አላቆመችም።

«ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። «አባትሽ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ ዝናቡ ነው የሚያወራኝ። ያቺ ልጅ በስብሳ መጣች፣ ሻይ ሰጠኋት። ባል የሞተባት አሮጊት ሌሊቱን እንዴት ትገፋዋለች አለችኝ። ስለ ንግሥቲቱ መጠየቋ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔ ግን የማውቀውን መለስኩላት።»

ታዲያ በራስሽ ስም አትናገሪውም ነበር ብላት አፍራለሁ አለችኝ። ደግሞስ የጫካ ጠባቂው የአሌክ ሚስት ካፖርት አቅፋ ተኛች ቢባል ማን ይሰማል አለች። ተናደድኩባት፣ አዘንኩላት፣ ሁለቱ ተደባልቀውብኝ ድንቹን ከእጇ ነጥቄ ራሴ ላጥኩ። በመጨረሻ ተስማማን። ያቺ ጋዜጠኛ አሁንም ትልቁ ቤት በር ላይ ትውላለች፤ ሄደን እማዬ በአፏ «ዋሽቻለሁ» ትላታለች። ውሸታም መባል ይሻላል፣ ምስጢር አውጪ ከመባልና ቤት ከማጣት።

ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ ምን አየን መሰለህ፣ አጥሩ ላይ ካፖርት ተሰቅሏል። አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። የዓሣ አጥማጅ አለ፣ የወታደር አለ፣ ክርኑ ያለቀ የገበሬ አለ። እማዬ የተናገረችውን የሰሙ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ከየአገሩ እያመጡ ከአበባው በላይ ይሰቅላሉ፣ ቁልፉንም ይቆልፉታል። አንዲት ከሊድስ ከተማ የመጣች ሴት የአውቶቡስ ሹፌር ካፖርት ትሰቅል ነበርና እማዬን ሳታውቃት አናገረቻት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከትራሴ ሥር ነበር» አለቻት። «ያበድኩ መስሎኝ ከልጆቼ ደብቄው። እሳቸውም እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ስሰማ ተነሥቼ ታጠብኩ፣ ይኸው መጣሁ።»

እማዬ የሴትዮዋን ካፖርት ኮሌታ አስተካከለችላት። ጋዜጠኛዋ ከዚያ ማዶ ቆማለች፣ እኛንም አይታናለች። እማዬ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። መንገድ ላይ «አሁን ያቺን ሴት ዋሽቼሻለሁ ልበላት?» አለችኝ። የክሬግስ ነገር ብላት እርምጃዋን አፈጠነች። ብናገር ያቺ ሴት ካፖርቷን አውርዳ እያፈረች ልትመለስ ነው፣ ዝም ብል እኛ ጎዳና ልንወጣ ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን ዞር ብሎም አላየው።

ቅዳሜ ላይ ግን አልቻልኩም። እትዬ ካትሪና የፀጉሯ ነገር ቸግሯት መጣች፤ ብትኮራም ሌላ ፀጉር ቤት የለም። ከኋላዋ ቆሜ፣ ሌሎቹም እየሰሙ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ካፖርቱ የአባዬ ነው፣ ከረሜላውም የአባዬ ነው አልኳት። እትዬ ካትሪና በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗ ሲሞላ አየሁ፤ ከእማዬ ቤት የሚለያት አንድ ግድግዳ ነዋ፣ የቧንቧውን ድምፅ ሌሊት ሌሊት ሳትሰማ አልቀረችም።

«ጨርሺልኝ» አለችኝ። ቢጎዲኑን እያቀበለችኝ ደግሞ «ይህ ነገር ከዚህ በር አይወጣም» አለች።

በኛ መንደር እንዲህ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እስከ ማታ ሁሉም ሰው ይሰማል፣ የውጭ ሰው ግን አንድም አይሰማም። ከሰሙት አንዷ የአቶ ጊልክሪስት ሚስት ነበረች። ትናንት እሑድ አቶ ጊልክሪስት ክሬግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አግኝቶ «ለአማትህ ሰላም በላት» አለው። ይህ ብቻ ነው። ክሬግ ነገሩ አለቀ ይላል፤ እኔ ግን በጽሑፍ ካላየሁ አላምንም፣ ጠባዬን ታውቀዋለህ። ያቺ ጋዜጠኛ ዛሬ ጠዋት ዱጋል ጋ ገብታ የአሮጊቷ ታሪክ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው አሉ። «አናውቅም» አላት፤ ሁለት ኪሎ ቋሊማም ሸጠላት።

አግዳሚውም ትናንት ሞልቶ ነበር። እትዬ ካትሪና ከእማዬ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉም በትሕትና እጅ ነሳት፣ ከዚያም ዓይኑን ሰበር አድርጎ ስለ ዝናቡ አወራት። ገባህ ነገሩ? እማዬን አሁን እንደ ትልቁ ቤት ሰው ነው የሚጠብቋት። ገበናዋን ሸፈኑላት፣ በፍቅር ነው የሸፈኑላት፤ ስለ አሌክ ግን ዛሬም የሚጠይቃት የለም።

እኔ ጠየቅኋት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ንገሪኝ እስቲ፣ አባዬ ከሄደ በኋላ እንዴት ሆንሽ አልኳት። «አንቺማ ነበርሽ፣ አንቺን ምን ብዬ ልንገርሽ» አለችኝ። ከዚያ ከደጇ ስንደርስ «የሚነገረው ቀብሩ ላይ ላልነበረ ሰው ነው። ፈርጉስ ግን ሲደውል ስለ በጎቹ ነው የሚያወራኝ» አለች።

አትቀየመኝ። በኮሮናው ጊዜ አገሩ ሁሉ ተዘግቶ መምጫ አጥተህ መቅረትህን ታውቃለች፤ ቀብሩንም በስልክ ልታይ ስትል መስመሩ ተቋርጦብህ ሜዳ ላይ ብቻህን እንደተቀመጥክ ናይሪ ነግራኛለች። ሳትጠይቃት የቀረኸው እንዳታስለቅሳት ብለህ መሆኑንም አላጣሁትም። ግን ደውልላት ወንድሜ። ጎረቤቶችህ ስለ ንግሥቲቱ ቢጠይቁህ አናውቅም በላቸው። አንተም ስለ ንግሥቲቱ አትጠይቃት። ስለ አባዬ ጠይቃት፤ ዝም ብትልህም ወደ በጎቹ አትሽሽ።

ናይሪን በጣም ሰላም በልልኝ። እናቷንም ሰላም በላቸው፣ እንባቸው የፈሰሰው በከንቱ አይደለም። ለትልቁ ልጅህ ለፊን አክስትህ ፀጉርህን አሳጥር ብላለች በለው፤ ትንሿን ቲሊን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። ክሬግ ሰላም ብሎሃል፣ ስለ ወገብህም ይጠይቃል። እትዬ ካትሪና ሳሙልኝ ብላለች። የእማዬን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም፤ የሷን ራሷ ትንገርህ።

እህትህ ሮና

ከኢንቨርሎሪ መንደር፣ ስኮትላንድ
ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022