ጋቢ የለበሰው ገንዳ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ብርድ። የቤተ ሙከራው መስኮት በውስጥ በኩል አልቦታል። የገንዳው ውኃ 26 ዲግሪ። ሠላሳ አንዱም ዓሦቻችን፣ ቆሮሶዎቹ፣ ይበላሉ። ሦስቱ እናቶች እንቁላል በአፋቸው ይዘዋል። አዘና ያሉት ገበሬዎች ኩሬያቸውን ቆፍረው ጨርሰዋል፤ የሚጠብቁት የነዚህን ጫጩት ነው።

ፋና ዛሬም ያንኑ ነገር አነሣች። ጎበዝ ቴክኒሻን ናት፣ ግን ነገር አትተውም። «ጋሽ ባምላክ፣ ማሞቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አንመን። የውኃው ሙቀት ከልክ ሲያልፍ መብራቱን የሚቆርጥ ለብቻው የሆነ መቆጣጠሪያ እናስገዛ።»

«ማሞቂያው ራሱ ይቆርጣል። ለዘበኛ ዘበኛ ትቀጥሪያለሽ?»

«ዘበኛው ቢተኛስ?»

ጥያቄዋን በጽሑፍ አመጣች። «አያስፈልግም» ብዬ ጽፌ መለስኩላት። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ስወጣ አያ ኪዳኑ በር ላይ ያዘኝ። የግቢያችን ጥበቃ ነው፤ ስድሳን አልፏል።

«እነዚያ ዓሦች ሌሊት አይበርዳቸውም?»

«ማሞቂያ አላቸው አያ ኪዳኑ።»

«እኛስ ምን አለን?»

ሳቅሁ። ብዙ ጊዜ አልስቅም።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ነገ የፈረሰኞቹ በዓል ነው። ከተማው ከአሁኑ በፈረስ ተሞልቷል። የምንሠራበት ማሠልጠኛ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ከምሳ በፊት መብራት አራት ጊዜ ሄዶ መጣ። ምግብ ሰጠሁ። ማሞቂያው 26 ላይ ነው። ቆለፍኩ። ቁልፉን ለኪዳኑ ሰጠሁ፤ ጠዋት ጠዋት ገብቶ ትንሽ ምግብ እንዲበትንላቸው።

ጥር 26፣ ሰኞ

ሁሉም ሞተዋል።

ሠላሳ አንዱም። ነጭ ሆድ ወደ ላይ። ውኃው ሞቅ ያለ ሳይሆን የሚያቃጥል ነው። ቴርሞሜትር ከትቼ አየሁ... 43። ገንዳው ላይ ጋቢ ተደርቧል። የኪዳኑ ጋቢ። አራቱንም ጎን ሸፍኖ፣ ጫፉን በድንጋይ አስይዞ።

ሶኬቱን ነቅዬ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ለስብሰባ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። «ማን አዘዘህ? ዓሣ ጋቢ ሲለብስ የት አየህ? አንተ ደንቆሮ!» አልኩት ኪዳኑን። ደንቆሮ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም ያልኩት።

«ቅዳሜ ማታ በጣም በረደ» አለ። «አዘንኩላቸው። ራሴ በኮት አደርኩ። ትናንት ጠዋት ምግብ ስበትን ደኅና ነበሩ።»

 ጋቢውን እንኳ አልጠየቀም።

ማታ። ራት ላይ ውብአየሁ «ማን ሞቶብህ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት የምታውቀኝ ሚስቴ ናት፤ አላዘነችልኝም። «ታዲያ ጋቢ ውኃ ያፈላል?» አለች። «እንዲህ ከሆነማ እኔም ድስቴን ጋቢ አልብሼ ልቀቅል።»

ተናደድኩ። ሳህኑን ትቼ ተነሣሁ።

ግን... ሶኬቱን ስነቅል የማሞቂያው ቀይ መብራት ይበራ ነበር። ቀይዋ የምትበራው ሲያሞቅ ብቻ ነው። ውኃው 43 ሆኖ ለምን ያሞቃል? 26 ሲደርስ መጥፋት ነበረበት።

ጋቢ ሙቀት ይይዛል እንጂ አይሠራም። ይህን ለተማሪ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ? አስተማርኩ፣ ከዚያ ወጥቼ ሽማግሌ ሰደብኩ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ክፍል ኃላፊያችን ደርበው ጠራኝ። ተማሪዬ ነበር። አሁን የሚሽከረከር ወንበር አለው። የንብረት ጉዳት ፎርም ዘረጋልኝ። ተራ ቁጥር፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ የጉዳቱ ምክንያት፣ ተጠያቂ ሠራተኛ። አራተኛው ላይ የኪዳኑ ስም ቀድሞ ተጽፏል። ሥሩም ፈርሟል።

«ምን ብላችሁ አስፈረማችሁት?»

«ጋቢውን አልብሰሃል ወይ አልነው። አዎ አለ። ፈረመ። እርስዎ እንደ ባለሙያ ከጎኑ ይፈርሙ።»

«ማሞቂያው ነው የተበላሸው።»

«አቶ ባምላክ፣ ማሽን ተጠያቂ አይሆንም። ፎርሙ የሚጠይቀው የሰው ስም ነው። ባዶ ከተላከ ተመልሶ ይመጣል።»

«ይመለስ።»

«የኪዳኑ ኮንትራት የካቲት መጨረሻ ላይ ያልቃል። ዝም ብሎ አይታደስም፣ አለቀ። ማንም አይጎዳም።»

ማንም አይጎዳም። ኪዳኑ ማንም አይደለም ማለት ነው። «አልፈርምም» ብዬ ወጣሁ። በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ማሞቂያውን በፎጣ ጠቅልዬ ዳንግላ ሄድኩ። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በጋሪ። ባለጋሪው «ሕፃን ነው የያዙት?» አለኝ፤ እንደዚያ አቅፌው ነበር።

ይኸነው የሚባለው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ገባሁ፤ ዳንግላ ውስጥ እጁን የማምነው የሱን ብቻ ነው። የማሞቂያውን የመስታወት ቱቦ በማጉያ አየ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተተው፣ ቀይዋ በራች። ከማንቆርቆሪያ ትኩስ ጨመረበት። አሁንም በራች። ቁጥሩን ዝቅ አደረገው፣ ሃያ፣ አሥራ ስምንት... እየበራች።

«ይዩ» አለ። ማጉያውን ሰጠኝ። ውስጥ ሁለት ትናንሽ የብረት ምላሶች አሉ፤ ሲሞቅ መላቀቅ፣ ሲቀዘቅዝ መነካካት አለባቸው። ጥቁር ሆነው ተጣብቀዋል። «ተበይደዋል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ብልጭ ይላሉ፣ ይቃጠላሉ። አንድ ቀን እንደተያያዙ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ይህ ማሞቂያ ሳይሆን ምድጃ ነው።»

«ክፈተውና ያየኸውን ጻፍልኝ።»

«አልከፍተውም። ነገ አንተ ነህ የሰበርከው ትሉኛላችሁ። እንዲህ እንዳለ ይውሰዱት።»

ልክ ነው። ከኔ በላይ ጠንቃቃ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ብዙ አላገኝም።

ስነሣ ጠየቀኝ። «ስንት ሊትር ውኃ ነው?»

«መቶ ሃያ።»

«ለዚያ ይህን የሚያክል አንድ ማሞቂያ? ሁለት ትናንሽ ብትሰቅሉ አንዱ ቢበየድ እንኳ ብቻውን ዓሣ አይቀቅልም። ደግሞ ከውጭ የሚቆርጥ ነገር አላደረጋችሁም? ማነው የመረጠው?»

ጋሪው እየጠበቀኝ ነው አልኩት።

የመረጥኩት እኔ ነኝ። ትልቅ ይሻላል ብዬ። ፋና ለምናኝ «አያስፈልግም» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ደርበውን ማሞቂያው ተበይዷል አልኩት። «የዳንግላ ሬዲዮ ጠጋኝ ለፎርም ማስረጃ አይሆንም» አለ።

እሺ። ማስረጃ አሳየዋለሁ።

ፋና ከመጋዘን ሌላ ገንዳ አወጣች፣ ተመሳሳይ። አንዱን ካልተበላሸ ማሞቂያ ጋር፣ 26 ላይ፣ በጋቢ ሸፍነን። ሁለተኛውን ከዚህ ጉደኛ ጋር፣ እሱንም 26 ላይ፣ ያለ ጋቢ። ዓሣ የለም፣ ውኃ ብቻ። ነገ በቀን ብርሃን፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ሁሉም እያየ።

ጋቢውን ከኪዳኑ መዋስ ነበረብኝ። ፋናን ላክሁ። ራሴ አልሄድኩም። ፈሪ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱም ገንዳ 24። ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ በየሰዓቱ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ አልነካም።

አምስት ሰዓት። ጋቢ የለበሰው 26፣ ቀይዋ ጠፍታለች። ራቁቱን የቆመው 29።

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አንዷ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ «እኔ ጋቢ የለበሰው ይፈላል ብዬ ቡና ቤት ልከፍት ነበር» አለች። ሳቁ። ደርበው መጣ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። «አቶ ባምላክ፣ ድራማ እየሠሩ ነው።»

«ቁጥር ድራማ አይሠራም። አንብብ።»

አላነበበም።

አሥራ አንድ ሰዓት። ጋቢ የለበሰው 26። ሌላው 37፣ ገና እየወጣ። «የአዳራሹን ቁልፍ አንተ ያዝ» አልኩት ደርበውን። «ጠዋት ራስህ ክፈት። እኔ ሌሊት ገብቼ አፈላሁት እንዳትል።»

ያዘው። ምን ያደርጋል? ሁሉም እያየው ነው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ደርበው አዳራሹን ከፈተ። 26። 42።

 ፋና ሁለቱንም ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጻፈች።

ከዚያ ደርበው ቢሮው ወሰደኝ፣ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገብቶኛል። ግን ፎርሙ አሁንም ስም ይፈልጋል። የማንን ልጻፍ? የሻጩን? ሻጩ ሠራተኛችን አይደለም። ኪዳኑ አምኖ ፈርሟል፣ እኔ ምን ላድርግ?»

አዲስ ፎርም ጠየቅሁት። ምክንያት፦ የተበየደ ማሞቂያ፤ ለገንዳው ከሚገባ በላይ ትልቅ ሆኖ የተመረጠ፤ ከውጭ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ እንዲገዛ በጽሑፍ ተጠይቆ የተከለከለ። ተጠያቂ ሠራተኛ፦ ባምላክ። ፈረምኩ። የፋናን ደብዳቤ ከነመልሴ አያያዝኩ።

«የቤተ ሙከራ ኃላፊነትዎን ያጣሉ» አለ።

«ስም ነው የፈለግከው። ያውልህ ስም።»

ፎርሙን ወደሱ ገፋሁት። ከንዴት ነው ብዬ ልጻፍ? ከንዴት ብቻ አይደለም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ጋቢውን አጥቤ፣ አጥፌ ለኪዳኑ ይዤለት ሄድኩ። ውብአየሁ ናት ያጠበችው፤ እኔ አጠፍኩት። በር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ በአውንግኛ ይቅርታ ጠየቅሁት። የሱም የእናቴም ቋንቋ ነው። ቀስ ብዬ።

ጋቢውን ተቀበለ።  በአማርኛ ነው የመለሰልኝ።

«ሲሰድቡኝ በአማርኛ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ጮክ ብለው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይቅርታውንም እንደዚያው ይበሉት። እኔ ሰማሁ። ያልሰሙ አሉ።»

ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ትምህርቴ... ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ግን ምን ስህተት ተናገረ? ልኬቱ ልክ ነው። በተሰደበበት መጠን።

ስድስት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ በሩ ጋ ቆምኩ። «ስሙኝ» አልኩ። «ባለፈው እዚህ ግቢ አያ ኪዳኑን ደንቆሮ ብያለሁ። ዓሦቹን የገደለው የሱ ጋቢ ሳይሆን የኔ ማሞቂያ ነው። ደንቆሮው እኔ ነበርኩ። ይቅርታ አድርግልኝ አያ ኪዳኑ።»

 አንድ ሰው ሳል ይዞት ነበር፣ ዋጠው።

«እግዜር ይቅር ይበልዎ» አለ ኪዳኑ። ከዚያ፦ «በሉ እለፉ፣ በር አትዝጉ።»

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ውሳኔው መጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ከኃላፊነት ተነሥቻለሁ፤ ቤተ ሙከራው የፋና ሆኗል። ደርበው ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም።

«የኪዳኑስ?»

«ታድሷል። ለአንድ ዓመት።»

«ጽሑፉን አሳየኝ።»

አሳየኝ። ቀኑን፣ ማኅተሙን፣ ፊርማውን አየሁ። ልክ ነው። ማስጠንቀቂያዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። የሚገርመው፣ አልከበደኝም። ደስ ይላል ማለቴ አይደለም። ያንን በር ግን ዛሬም ጠንከር አድርጌ ነው የዘጋሁት።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

አዲሶቹ ቆሮሶዎች ከባሕር ዳር ከመጡ ስምንት ቀን ሆነ። ሃያ አራት። ሁለት ትናንሽ ማሞቂያዎች፣ በግራና በቀኝ። ከውጭ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ፣ 28 ላይ። ብቻውን የቆመ ቴርሞሜትር።

አለቃዬ ፋና ትእዛዝ አውጥታለች፦ መቆጣጠሪያው በየቅዳሜው ይፈተን። የሚፈትነው ባምላክ፣ የሚመሰክረውና የሚፈርመው ኪዳኑ። ለምን ኪዳኑ አልኳት። «ለእርስዎ ብሎ የማያልፍ እሱ ብቻ ስለሆነ» አለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። የመቆጣጠሪያውን ሙቀት የሚለካ ሽቦ ከገንዳው አውጥቼ ሙቅ ውኃ ያለበት ኩባያ ውስጥ ከተትኩ። መቁረጥ አለበት። ሁለቱም ቀይ መብራቶች መጥፋት አለባቸው።

ጠፉ።

«ጠፍቷል። ፈርም» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽር የለውም፤ ፊቱ መስታወቱን ሊነካ ደርሶ ነበር። ዓሦቹ ወደሱ መጡ።

«የቀኙ ዘግይቷል።»

«በአንድ ሶኬት ናቸው እኮ! እንዴት ይዘገያል?»

«እንጃ። እኔ ያየሁትን ነው።» እስክሪብቶውን አልከፈተም። «ይድገሙት።»

 የሱን ፊት አየሁ፣ ገንዳውን አየሁ። ሽቦውን አቀዘቀዝኩ፣ ወደ ገንዳው መለስኩ፣ ቀዮቹ እስኪበሩ ጠበቅሁ።

ደገምኩት።