ጨው የሌለበት ዳቦ

ለምወድህ ወንድሜ ለሚፍታህ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን ሰነበትህልኝ፣ ወንድም ዓለም? የዚያ አገር ሙቀት ሳያንስ የዳቦ ቤቱ ወላፈን ተጨምሮበት እንዴት ያደርግህ ይሆን? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛስ እንዳለን አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ስልኩ እንቢ ስላለ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ በሚመጣ ነጋዴ እጅ ልኬልሃለሁ።

የላክኸው እርሾና ቤኪንግ ፓውደር ደርሶናል። «ለእማ ለስላሳ ዳቦ ጋግሪላቸው» ብለኸኝ ነበር። አንተ ዳቦ ጋጋሪ ነህና የሆነውን ልንገርህ።

የእማን ኩላሊት መድከም ታውቃለህ። ፍኖተ ሰላም ለሕክምና ስወስዳቸው ቤኪንግ ፓውደሩን ይዤ ነርሷን ሲስተር እፀገነትን አሳየኋት። አገላብጣ አነበበችና «ይሄ ይቅርባቸው» አለችኝ። ውስጡ ያለው ሶዳ እንደ ጨው ሁሉ ሶዲየም አለበት፣ ፓውደሩ ደግሞ በዚያ ላይ ፎስፌት የሚባል ነገር ይጨምራል፣ ለደከመ ኩላሊት አይሆንም አለች። «እርሾው ግን ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ አይጎዳቸውም፤ ብቻ ጨው እንዳታገቢበት» ብላ ሸኘችኝ።

ጨው በሌለው ሊጥ እርሾ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አላወቅሁም ነበር። ሃይ የሚለው አጥቶ ባንዳፍታ ኩፍ አለና እሳት ሳይነካው ተንፍሶ ወረደ። የተጋገረውም ሣር ሣር የሚል ሆነ። እማ ፊታቸውና እግራቸው አብጦ ካልጋ ላይ ሆነው ያዩኛል። «ዳቦሽ እንቢ ቢል ምን አለበት? እኔ ኩፍ ብዬልሽ የለም ወይ?» አሉኝ። እሳቸው ፊት ሳቅሁ፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ጎረቤታችን እናትነሽ ይህን ሰምታ ካደረ ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ ሰጠችኝ። የእርሷ እርሾ ዝግተኛ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ አቡክቼ ሳልነካካው ተውሁት። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ አልወደቀምም፤ ኮምጠጥ ማለቱም የጨውን ጉድለት ትንሽ ሸፈነው። እማ በጣታቸው ጫን አድርገው አዩትና «ይኸስ ዳቦ ነው» አሉ። ሁለት ጉርሻ ቀምሰው የቀረውን ለልጄ ለሃያት ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ደስ የሚል ነገር አላየሁም።

ሕመሙ ከምግብ አልፎ ሄደ። ደም የሚያጥበው መሣሪያ ባሕር ዳር ነው፣ በየሳምንቱ እየተመላለሱ ዕድሜ ልክ ነው ተባልን። አንድ ጊዜ ሄድን። ስንመለስ መንገድ ተዘጋና እማ እንጅባራ ላይ መኪና ውስጥ ሲቃትቱ ዋሉ። ቤት እንደገቡ «ሁለተኛ አልሄድም። በሰው አገር መንገድ ላይ ከምሞት ቤቴ ልሙት» አሉ። አባባ ለመኗቸው፤ አልሰሙም። ሲስተር እፀገነትን «ሌላ መላ የለም ወይ?» ብላት መሬት መሬት አየች።

አሁን እህል ትተዋል። ዳቦውን በሻይ አርሼ ባቀርብላቸው አፋቸው ውስጥ ያዞሩትና ይመልሱታል። ከእንቅልፍ ሲነቁም ሰው ይሳሳቱ ጀምረዋል።

እማ በደኅናቸው ጊዜ «መንገዱ ክፉ ነው፣ አይምጣ በይው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ከቻልህ ና እልሃለሁ። ይድናሉ ብዬ አይደለም፣ ሚፍታህ። አይድኑም። ብቻዬን ሆኜ ማየቱ ስለ ከበደኝ ነው።

አባባ «ሰላም በይልኝ» ብለው ወደ ሱቃቸው ወጡ፤ ሰው ፊት ማልቀስ እንደማይወዱ ታውቃለህ። ባለቤቴ ከድር አብዝቶ ሰላም ብሎሃል። ሃያት «አጎቴ» እያለች ትስምሃለች። እናትነሽም ስምህን አንሥታ መርቃሃለች። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። እማንም ቀስቅሼ «ለሚፍታህ ምን ልጻፍልዎ?» ብዬ ነበር። «ሚፍታህማ ትናንት እዚሁ ነበር፤ ምን ደብዳቤ ያሻዋል?» አሉኝ። አላረምኋቸውም።

እኅትህ ሳቢሃ
ቡሬ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.