አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ባሕር

ቦሌ አራብሳ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለእዝራ ዋቅቶላ፣ መርከቡ ወዳለበት ሁሉ፤

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር እወቅ። አባትህ ባሕር ገዝቶ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጧል። እናንተ እላዩ ላይ ትንሳፈፋላችሁ፣ እኔ ቤቴ አስገብቼ በር ዘግቼበታለሁ። ገዛሁ ስልህ ውሃው ያለበት የዓሣ መስታወት እንኳ ስጦታ ነው። ባሕሩም ሁሉም አይደለም፣ አራት ጀሪካን ቢሆን ነው። ጨውነቱ ግን የእናንተው ነው፣ ቀምሼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርቴን ጨርሼ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው ማሞ የሚባል ጥበቃ ነው። ሦስተኛ የለም፣ ሌሎቹ አቋርጠዋል። መምህራችን ሩሃማ፣ “ጋሽ ዋቅቶላ፣ ሲሳሳቱ አይፈግፍጉት፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። አንድ መስመር ያስምሩበትና ይለፉ” ትለኝ ነበር። ስለዚህ የተሰመረበት ቃል ብታይ ስንፍና አይምሰልህ፣ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። መርከቡ ላይ አብሮህ የሚሠራው በረከት ለዕረፍት ሲመጣ መልእክትህን በቃሉ ነግሮኛል። “ኮንትራቴን ላድስ ወይስ ልምጣ? እማዬ ከልቧ የምትለውን ጻፍልኝ፣ ስደውል ደህና ነኝ ብላ ስልኩን ላንተ ትሰጣለች” ብለሃል። እውነትህን ነው። ጠየቅኳት። “ያድስ፣ እኛ ደህና ነን በለው” ብላለች። በረከት ነገ ስለሚበር መልሱን በእጁ እልክልሃለሁ።

የእሱ ዕረፍት እስኪያልቅ ለምን ቆየህ ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ ስጠይቃት ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ሁለተኛም ስጠይቃት እንደዚያው። ወንድሟን የዴዴሳ ወንዝ ሞልቶ ከወሰደው ወዲህ የብዙ ውሃ ወሬ ሲነሣ እሷም ትነሣለች፣ ይህን ታውቃለህ። ባሕር አይታ አታውቅም። በሐሳቧ ግን ባሕር ማለት ዳር የሌለው ዴዴሳ ነው፣ አንተም መሐሉ ላይ ነህ። እኔም ባሕርን አሳንሼ ባሳያት አፏን ትከፍት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

አትክልት የምንከባከብበት የሲኤምሲው ግቢ ባለቤት፣ ወይዘሮ የሺአረግ፣ ልጆቿ የሰለቹትን የዓሣ መስታወት ጋራዥ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ለመንኳት።

“የሐይቅ ዓሣ ነበር ያኖርንበት፣ ጋሽ ዋቅቶላ። የባሕሩ ከባድ ነው” አለችኝ።

“እኔስ መች ቀላል ሰው ነኝ” አልኳት። ሳቀችና ሰጠችኝ።

ሌላውን ዕቃ ቦሌ የጌጥ ዓሣ ከሚሸጥ ካሊድ ከሚባል ልጅ ወሰድኩ። የወጥ ጨው እንደማይሆን፣ የቧንቧ ውሃም መድኃኒት ስላለበት እንደማይሆን እሱ ነገረኝ። የባሕር ጨው፣ የተጣራ ውሃ፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ የጨው መለኪያ፣ አሸዋና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ጭኖ ሰደደኝ። ዓሣውን ግን ከለከለኝ።

“ጋሼ፣ ዓሣ የሚጥለውን ቆሻሻ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ። እነሱ ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ባዶውን ይሥራ። ከቸኮሉ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ነው የሚሞት።”

ከወር በላይ ባዶ ውሃ ስጠብቅ ከረምኩ። ፓምፑ ይንቆረቆራል፣ የሚታይ ነገር የለም። ሐሩን፣ ያ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሱቀኛ፣ ደረጃ ላይ ጠብቆ፣ “ጋሽ ዋቅቶላ፣ ውሃ እያረቡ ነው አሉ” ይለኛል። “አዎ፣ እርጉዝ ነው። ሲወልድ ጥጃውን በብርጭቆ አንተ ትወስዳለህ” እለዋለሁ። ሕንጻው በሙሉ ስቆብኛል። እናትህ አልሳቀችም። ወንበሯን አዙራ፣ ለመስታወቱ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ ነበር።

በኋላ ካሊድ ውሃውን መርምሮ ሁለት ዓሣ ሰጠኝ። ብርቱካን የመሰሉ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ሠርግ የሚሄዱ የሚመስሉ። እኔም ባለ ባሕር ሆኜ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ውሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጎድል አየሁና ባሕር ሲጎድል በባሕር ይሞላል ብዬ ጨው እየበጠበጥኩ ጨመርኩ። ጎበዝ ነኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ዓሣ መተንፈስ አቃተው፣ ጥግ ይዞ ቆመ፣ በማግስቱም ሞተ።

ካሊድ ጋ ደውዬ ያደረግኩትን ነገርኩት። እሱም፣ “ጋሼ፣ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። ጨው የትም አይሄድም፣ እዚያው ነው የሚቀር። የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ይሙሉ። ጨው ያለውን በየሳምንቱ የቆሸሸውን ውሃ ሲቀይሩ ብቻ ነው” አለኝ።

ዓሣውን በወረቀት ጠቅልዬ ስወጣ እናትህ፣ “ምን ሆኖ ነው?” አለችኝ። ስለዚያ ነገር ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

“ጨው በዛበት።”

“ማን አበዛበት?”

ጥቅሉን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ስመለስ ወንበሯ ጀርባውን ለመስታወቱ አልሰጠም፣ ወደ ጎን ዞሮ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ የቤት ኅብረቱ ተራ የእኛ ነበር። ምእመናኑ ሳሎኑን ሞልተው ስለ አንተ እየጸለይን መብራት ሄደ። ዓይናችንን ጨፍነን ስለነበር ማናችንም ልብ አላልንም። እናትህ ግን ዓይኗን ገለጠችና፣ “ዝም አለ” አለች።

“ማን?” አላት የኅብረቱ መሪ ገብረትንሣኤ።

“ፓምፑ። አየር የለውም፣ ይሞታል።”

ለካ ጀርባዋን ሰጥታ ስታዳምጠው ነው የከረመችው። አልጋ ላይ የነበረውን ጋቢዬን አምጥታ መስታወቱን ጠቀለለችው፣ እንዳይበርደው። ጣሳ አነሣች። ከውሃው እየቀዳች፣ ክንዷን ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሰዋለች፣ ሲወድቅ አየር ይዞ እንዲገባ። ይህን እኔ ከካሊድ ጋር በስልክ ስለፈልፍ ሰምታ ይሆናል እንጂ ማንም አላሳያትም። ገብረትንሣኤ፣ “እትዬ ዓለም፣ እስቲ መጀመሪያ እንጸልይ” ቢላት፣ “እየቀዳን እንጸልያለን” አለችው።

እንደዚያ ሆነ ልጄ። በኅብረቱ ያሉ ሁሉ በወረፋ ቆሙ። አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው ይዘምራል፣ የደከመው ጣሳውን ያቀብላል። ሐሩንም ድምፅ ሰምቶ ወጥቶ፣ “ምጥ ነው እንዴ?” አለና እጅጌውን ሰብስቦ ከወረፋው ገባ። እናትህ ተራዋን ለማንም አልለቀቀችም። መብራቱ የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። ጋቢውን ስንገልጥ ዓሣው ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ እኛን እኛን ያያል። ሰው ሁሉ እልል ሲል እሷ መስታወቱ ፊት ቁጭ አለች። ጨዉ ክንዷ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር። ታጠቢ ስላት አልታጠበችም። ያኔ ነው ጥያቄህን እንደገና ያነሣሁላት፣ ያኔ ነው የመለሰችልኝ።

በል እንግዲህ። መሬቱን በእጁ የያዘ ጌታ ውሃውንም ለእግርህ ያጽናልህ። ሞገድ ሲነሣ ስምህን የሚጠራ ቤት እንዳለ አትርሳ። የሚያዙህን ሰዎች ልብ ያራራልህ፣ እህልህን ያጣፍጥልህ።

አባትህ ዋቅቶላ፣ በገዛ እጄ

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። በዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ፣ እሱም የዓሣው ነገር አይደለም፣ ዓሣው አለ። “ያድስ፣ እኛ ደህና ነን በለው” የሚለው የእኔ ነው። ባለ ባሕር የሆነ ሰው ልጄ ይምጣልኝ ብሎ ሲለምን እንዳይታይ ብዬ ነው።

እናትህ ያለችው፣ “ይምጣ በለው” ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ “አይ፣ ተወው፣ አትጻፈው” አለች።

ተመልሼ በዚያች በእኔዋ ቃል ላይ አንድ መስመር አስምሬባታለሁ። የእሷን ይኸው ጻፍኩት።