አባ፣ የመሬቱ ባለቤት እርስዎ አልነበሩም

ይድረስ ለአባ፣

ለሞተ ሰው እንዴት ሰነበቱ ይባላል እንዴ እያልኩ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አነሳሁ። እርስዎ ግን ሰላምታ የሚዘል ሰው አይወዱም ነበርና፣ እንዴት ሰነበቱ? ጎባ ላይ ከቀበርንዎ ይኸው አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። እናቴም ጉልበቷን ያማታል እንጂ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። «ሀዳ ሶፊያ»፣ የሶፊያ እናት፣ እያሉ ነበር የሚጠሯት፤ አጠራሩ እስከ መጨረሻው አልሆነልዎትም፤ እሷም አንድ ቀን አላረመችዎትም።

በቤተ ክርስቲያንዎ ግቢ ለተማሪዎች የከፈቱት የንባብ ክፍል አልተዘጋም። አግዳሚ ወንበሮቹ ተቀይረዋል፤ ምድጃው ግን ያው ነው፣ ከሙቀቱ ጭሱ ይበልጣል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሮቤ በሚኒባስ እየሄድኩ ሒሳብ አስጠናለሁ። ጥቁሩ ካፖርትዎ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ብርድ የመታው ተማሪ ሁሉ በተራ ይለብሰዋል። ኪሱ ውስጥ ዛሬም ከረሜላ አይጠፋም። ማን እንደሚጨምረው አላወቅንም።

ይህን የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው። አንድ ያልነገርኩዎት ነገርም አለ።

አባቴ በሞተ በዓመቱ አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ እንደ ልማዱ እናቴን ልውረሳት፣ ሚስቴ ትሁን አለ። እሷ እምቢ አለች። እንግዲያው መሬቱን ለቀሽ ውጪ አላት። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ንባብ ክፍልዎ ጥግ ተቀምጬ መጽሐፌን ሳልገልጥ ሳለቅስ አገኙኝ። አይዞሽ እንኳ አላሉኝም። መሬቱ በማን ስም ነው ብለው ጠየቁኝ። በአባቴ ስም ነው ስልዎት፣ ወደ እናትሽ ስም መዞር አለበት ብለው ካፖርትዎን አነሱ። እኔ እንዲያጽናኑኝ እንጂ ሥራ እንዲሰጡኝ አልነበረም ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ከጎባ ሮቤ ተመላለሱ! ባጃጅ ያጥወለውለኛል ብለው ከከተማው እስከ ቀበሌያችን ድረስ በጋሪ ነበር የምንሄደው። እናቴ፣ እኔና እርስዎ አንድ ጋሪ ላይ ስንታይ የሰፈሩ ሰው ሊያጠምቃት ነው ብሎ አወራ። እርስዎ ግን ስለ ሃይማኖት አንዲት ቃል አልተነፈሱባትም። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጋሪውን ያስቆማሉ፤ እሷ እስክትጨርስ ፊትዎን ወደ ስንዴው ማሳ አዙረው ዳዊትዎን ይደግማሉ። ባለጋሪው ብቻ በሁለታችሁም መሀል ቆሞ ፈረሱን ይረግም ነበር።

ጉዳያችን የሚታይበት ቀን ደረሰ። ሰዉ ቀበሌው ግቢ ሣር ላይ ተቀምጧል። ጸሐፊው ብድግ አለና «አባን ለፋ ኤኙ?» ብሎ ጠየቀ፤ የመሬቱ ባለቤት ማነው ማለቱ ነው። እርስዎ ከከምባታ መጥተው ያን ያህል ዓመት ባሌ ቢኖሩም ኦሮምኛዎ ከሰላምታ አልዘለለም። «አባ» ሲል ሰምተው የተጠሩ መሰልዎት። ተነሱና እጅዎን እንደ ተማሪ አውጥተው «አቤት፣ እኔ ነኝ» አሉ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። አጎቴ ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። አስተርጓሚዎ ነበርኩና ምን እንደተፈጠረ በጆሮዎ ነገርኩዎት፤ አስከትዬም፣ አያርሙት፣ በእርስዎ ስም ይጻፍ፣ እርስዎን ይፈራሉ አልኩ። በሕግ ይቻል አይቻል የማውቀው ነገር የለም። ብቻ ከጀርባችን ወንድ እንዲቆም ፈልጌ ነበር። ፊትዎ ሲለዋወጥ አየሁ።

«እኔ ነገ ልዛወር እችላለሁ፣ ሶፊያ። እናትሽ ግን የትም አትሄድም» አሉኝና ቁጭ አሉ።

ከዚያም ለእናቴ በእጅዎ ተነሺ አሏት። በሰው ፊት ድምጿን አሰምታ የማታውቀው እናቴ ሻሿን አስተካክላ ቆመች። «አነ» አለች፤ እኔ ነኝ ማለቷ ነው። ጸሐፊውም መሬቱን በስሟ መዘገበ። ስንመለስ ጋሪው ላይ፣ ይህ እኮ የግዕዝ ቃል ነው፣ በግዕዝም «አነ» እኔ ማለት ነው እያሉ እንዴት እንደተደሰቱ አይረሳኝም። እናቴ ምን እንደሚሉ ባይገባትም አብራዎት ትስቅ ነበር። እኔ ግን ተቀይሜ አልመለስኩልዎትም። ለሦስት ሳምንት ንባብ ክፍሉን አልረገጥኩም። በልቤ ፈሪ ነው ብዬዎታለሁ። ያልነገርኩዎት ይህን ነው፤ ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ሳልነግርዎ ሞቱ።

ባለፈው ወር መሬቱ እንደገና ተለካ። ፎቶ ያለበት አዲስ የይዞታ ደብተር ይሰጣል ተባለና ሁሉም በአካል ተጠራ። ጸሐፊው ከሌላ አገር የመጣ አዲስ ልጅ ነው። የድሮው መዝገብ ዝናብ ገብቶበት የእኛ ገጽ አይነበብም፤ እቤት ያለው ደብተራችንም ስሙ ላይ ደብዝዟል። ይህን ጊዜ የአጎቴ ልጅ ተነሳ። ያን ቀን ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ የቆመው ቄሱ ነው፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ቄሱ ደግሞ ሞቷል አለ። አባ፣ ያችን ስህተትዎን ይዘው ሊነቅሉን ነው ብዬ ያለቀልን መሰለኝ።

ጎረቤታችን ኦቦ ጀማል ናቸው ያዳኑን። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱና ገና ሳይናገሩ ሳቅ አሸነፋቸው። ከዚያ እጃቸውን እንደ ተማሪ አወጡ፤ «አቤት» አሉ፤ እርስዎን መሰሉ። ቀጥለው ቁጭ አሉ። እንደገና ተነሱና ሻሽ የሚያስተካክሉ መስለው እናቴን ሆኑ። ያን ቀን የነበረው ሰው ሁሉ አስታወሰ። አንዱ የሻሿን ቀለም ተናገረ፤ ሌላው ቄሱ ሲቀመጡ ሣሩ እርጥብ ነበር አለ። ሌላ ሌላውን ጉዳይ ማንም አያስታውሰውም፤ የእኛ ግን እርስዎ ስላሳቁ ሳይረሳ ቀረ። የእኔን ምክር ሰምተው ቢሆን ኖሮ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ዛሬ የሚመሰክሩት ባለቤቱ ሞቷል ብለው ነበር።

ጸሐፊው ሳቁ ሲበርድ ጥያቄውን ደገመ። ገና «አባን» ሲል እናቴ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ቆመች። «አነ» አለች። እኔን ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

አባ፣ ፈሪው እርስዎ አልነበሩም። ይቅር ይበሉኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። እዚህ ቤት እስካለን ድረስ የዚያን ቀን ነገር እኔ እናገረዋለሁ፤ ለልጆቼም፣ ቅዳሜ ለሚመጡት ተማሪዎችም፣ እጅ አወጣጥዎን ሳልቀንስ። ሰው በሳቀ ቁጥር እርስዎን አንድ ተጨማሪ ሰው ያስታውስዎታል።

ደብዳቤውን ለእናቴ አነበብኩላት። ከታች በማን ስም ልፈርም፣ በእኔ ወይስ በአንቺ ብዬ ጠየቅኋት። ጉልበቷን እያሸች ትንሽ አሰበች። ማን ጻፈልኝ ብለው ቢጠይቁ መልሱን ያውቁታል፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፦

አነ።