አርባ አንደኛዋ ደረጃ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከረምክ? የባለቤትህስ ወገብ ተሻላት? እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት። እኔ ግን ሰሞኑን የማየው ሰው ሁሉ ሌባ እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ።

ነገሩ ከማማው የመጣ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ሰሌዳ ለጠፈበት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፉን ይዤ ለጎብኚ የምናገረው አንድ ታሪክ እንደሆነ ታውቃለህ። የከተማው ሰው የድሮውን ቅጥር አፍርሶ በድንጋዩ ቤት ሲሠራ ሌሎቹ ማማዎች አብረው ሄዱ። ይሄኛው የተረፈው ዘበኛው ቅድመ አያታችን ቤቱን ከማማው አጣብቆ ስለሠራ ነው። ሊያፈርሱ ሲመጡ ሚስቱ አራስ ነበረች፤ ግድግዳው አንድ ሆኖ ቢያገኙት አፍረው ተመለሱ።

ሰሌዳው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? ማማው በነዋሪው ፍቅር ተጠብቆ ኖረ፣ የተጠጋው ቤት ደግሞ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው ይላል። በሳምንቱ ቤቱ ይፈርሳል የሚል ወረቀት መጣልን። እማዬን የት ላግባት?

ማን ጻፈው ብዬ ያልጠረጠርኩት የለም። ጎረቤታችን አናጢው ሞቅ አድርጎ ሰላም ስላለኝ ብቻ ሦስት ቀን ዘጋሁት፣ ምስኪን። የማዘጋጃ ቤቱን ጸሐፊ ብጠይቀው አንድ የተማረ የሰፈራችሁ ልጅ ነው አለኝና ዓይኑን ሰበረ። ተመልሼ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ማማው አርባ አንድ ደረጃ አለው ይላል።

ወንድም ጋሼ፣ ከማማው በር የሚነሳ ሰው የሚቆጥረው አርባ ነው። የመጀመሪያዋ ደረጃ ቅድመ አያታችን ቤቱን ሲሠራ ወደ ውስጥ ቀርታ የጓዳችን ደፍ ሆናለች። እሷ ላይ ቆመን "አንድ" ብለን እንጀምር የነበርነው ሁለት ልጆች ብቻ ነን። እኔ ደግሞ አልጻፍኩም።

ትናንት የማፍረሱን ሥራ የያዘው መሐንዲስ ወጥቶ ቆጠረና አርባ ሆነበት። "አንዷ የት ገባች?" አለኝ። ጓዳ አስገብቼ ባሳየው ቤቱ የማማው የጥንት ጎረቤት እንደሆነ ይገባዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለምን ሌላ ጻፈ ብሎ መጠየቁም አይቀርም። ሐሙስ ይመለሱ አልኩት።

ለእማዬም ሰሌዳው ላይ ያለውን አነበብኩላት። ደረጃው ጋ ስደርስ ፈገግ አለች። "ዛሬም ከጓዳዬ ነው የሚጀምረው" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ እህል በግድ ነው የምትቀምሰው።

ከሐሙስ በፊት ና። ደረጃዋን አንተው አሳየው። እኔ ቁልፉን ይዤ ውጭ እቆያለሁ።

እግዜር መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ።

አብራህ የቆጠረች ታናሽ እህትህ